ያለ ስንቅ ሐረጎን መውጣት ክልክል ነው

አንድ ሳንቲም ሳታስይዙ፣ የማንንም ኪስ ሳትነኩ፣ ቁማርተኛ ተብላችሁ ታውቃላችሁ? በዚያው ምክንያትስ ከምትኖሩበት ቤት ለመባረር ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደርሼ አውቃለሁ። ያውም የሒሳብ መምህር ሆኜ፣ ሸሚዜን በየጠዋቱ እየተኮስኩ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ። ተማሪዎቼ ደወል ቢደወል እንኳ እንደማልቆም ያውቁ ስለነበር፣ ከምሳ በፊት ያለው ክፍለ ጊዜ የእኔ ሲሆን ጠዋት ጠግበው በልተው ይመጡ ነበር።

ደሴ ስመደብ ዘመኑ የደርግ ነው፤ ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሷል። ቤት የሚያከራየው ቀበሌ ሲሆን ቀበሌ ደግሞ የሚያከራየው ወረፋ ለያዘ ነው። ወረፋ ከያዙት መካከል ስማቸውን ሲያስመዘግቡ ወንደላጤ የነበሩ፣ አሁን ግን ልጅ አዝለው የሚጠብቁ ነበሩ። እኔን ከዚህ ያወጡኝ ሸዋ በር አካባቢ የሚኖሩ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸዋል። አያታቸው ከየመን ተሻግረው ደሴ ላይ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሐጂ ከአያታቸው የወረሷቸውን ሁለት ቤቶች መንግሥት ከእሳቸው ወርሷቸዋል፤ የቀረቻቸው የሚኖሩባት ግቢ ብቻ ናት። እዚያ ግቢ ጥግ ላይ አንዲት ክፍል ነበረች።

ማከራየት ስለማይፈቀድ ሐጂ ለቀበሌው ሊቀመንበር «የእህቴ ልጅ ነው፣ እኔ ጋ ያርፋል» አሉት። እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ፤ አንገቴ ላይ ማተብ አለ። ሊቀመንበሩ ማተቤን አየ፣ ሐጂን አየ፣ «ደግ» ብሎ አሳለፈኝ። ሌላ አገር ቢሆን ይሄኔ ጥያቄ ይነሳ ነበር። ወሎ ውስጥ ግን አጎቱ ሐጂ፣ እናቱ ክርስቲያን የሆነ ሰው በየቀበሌው ስላለ ማንም አልደነቀውም። እንዲህ ሆኜ በአንድ ቀን አጎትም ክፍልም አገኘሁ።

አሁን ወደ ጨዋታው። አብሮኝ የሚያስተምር የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ አፉ ክፍት፣ ሳቁ ከሱም በላይ። እሱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሊተክል ከመጣ አንድ ጀርመናዊ ጋር ተወዳጅቶ ነበር። ጀርመናዊው ወደ አገሩ ሲመለስ ለጓደኛዬ አንድ የካርቶን ሣጥን ትቶለት ሄደ። ውስጡ የሚታጠፍ ሰሌዳ፣ በሰሌዳው ላይ ዞሮ የሚመለስ መንገድ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ የእንጨት ሰዎች፣ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች፣ ባለ ነጥብ ኩብና በጀርመንኛ የተጻፈ የሕግ መጽሐፍ አሉ። ከምናውቃቸው ሰዎች ጀርመንኛ የሚያነበው ጀርመናዊው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሄዷል።

ስለዚህ ሕጉን እኔ አወጣሁ። ጓደኛዬ የቦታ ስሞችን በወረቀት እየጻፈ ሰሌዳው ላይ ለጠፈ። ጨዋታው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት የእንጨት ነጋዴዎች አሉት። ከደሴ ይነሳሉ፤ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ይወርዳሉ፤ በኮምቦልቻ አልፈው ደጋን የምትባል ከተማ ይደርሳሉ፤ ዞረው እንደገና ኮምቦልቻ ይመጡና ሐረጎን ሽቅብ ወጥተው ደሴ ይገባሉ። ሦስቱንም ቀድሞ ያስገባ ያሸንፋል። ዳቦ የተሳለባቸውን ካርዶች ስንቅ አልናቸው። በሕጌ መሠረት ያለ ስንቅ ሐረጎን መውጣት ክልክል ነው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ ዳገቱ ሥር ሲደርስ አንድ ካርድ ይከፍላል። የአልጋ ሥዕል የደረሰው ሰው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቶ አንድ ተራ ያልፈዋል። አጥር የተሳለበት ካርድ ምን እንደሆነ ጀርመኖቹ ያውቃሉ፤ እኛ ግን እንዳየነው ሁለታችንም በአንድ አፍ «ኬላ!» አልን። የመጨረሻው ሕግ ዋናው ነው፤ የእኔ ነጋዴ አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ከደረሰ አንተ ትባረራለህ፣ ከደሴ እንደገና ትጀምራለህ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጓደኛዬን የሚወስደው የመጨረሻው አውቶቡስ ወደ ኮምቦልቻ እስኪወርድ ድረስ እንጫወት ነበር። ችግሩ አፋችን ነው።

«ገደልኩህ! ሬሳህን ከደጋን አንሳ!» ይላል እሱ።

«ኬላ ላይ ነህ! ከእጄ የትም አታመልጥም!» እላለሁ እኔ።

ይህ ሁሉ በጭቃ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይሰማል። በዚያ ዘመን «ገደልኩህ» እና «ከእጄ አታመልጥም» የሚሉ ቃላት ሰው ለመዝናኛ የሚጠቀምባቸው አልነበሩም። ጎረቤት ለሐጂ ነገረ። ሐጂ አንድ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለሱ በር ላይ አቆሙኝ።

«መምህር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍልህ ውስጥ ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

«ኩብ ነው ሐጂ።»

«ኩብ ምንድን ነው?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ተጠየቅሁ፤ ስጠየቅ ደግሞ አስረዳለሁ። «ስድስት እኩል ጎኖች አሉት። ሲወረወር እያንዳንዱ ጎን ወደ ላይ የመሆን ዕድሉ...»

«ዕድል አልክ?»

«ዕድል ማለት፣ ሐጂ፣ በሒሳብ ቋንቋ...»

«አስተግፊሩላህ! እኔ ግቢ ውስጥ ቁማር!»

«ገንዘብ የለውም እኮ! ማንም ምንም አያገኝበትም።»

«ታዲያ ለባዶ ነው ጓደኛህ 'ሬሳህን አንሳ' እያለ የሚጮኸው? ልጄ፣ እኔ ስነግድ ነው የኖርኩት። ሰው ለምንም ብሎ እንዲህ አይጮህም። ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ቁማር ከሆነ፣ ወላሂ፣ የእህቴ ልጅም ብትሆን ትወጣለህ!»

የእህታቸው ልጅ አለመሆኔን ለጊዜው ሁለታችንም ረስተነው ነበር።

ለጓደኛዬ ስነግረው «አብሽር» አለኝ። አብሽር የወሎ ሰው ማጽናኛ ነው። ሰው ሲሞት ይባላል፤ አውቶቡስ ጥሎህ ሲሄድ ይባላል፤ ያረምከውን ፈተና ፍየል ስትበላውም ይባላል። «ካስወጡህ ኮምቦልቻ እናቴ ቤት ትተኛለህ። ሙቀቱን ከቻልከው ማለቴ ነው። ትንኙንም። ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ላይ መጋፋቱንም።»

«በቃ፣ አጽናንተኸኛል» አልኩት።

ቅዳሜ ደረሰ። ኩቡን ደበቅሁና በምትኩ ቁጥር የተጻፈባቸው የተጠቀለሉ ወረቀቶች በስኳር ጣሳ ውስጥ ከተትኩ። ሐጂ ነጭ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ገቡ፤ ከኋላቸው ባለቤታቸው እማማ ሻይ በቅርንፉድ ይዘው ተከተሉ። ሐጂ ጣሳውን በጥርጣሬ አዩት።

«ይኼስ ዕድል አይደለም?»

«አምጣው፣ ቁጥሩን እኔ አወጣለሁ» አሉ እማማ ጣሳውን እቅፋቸው ውስጥ እያስገቡ። «የእኔ እጅ ቁማር ያውቃል?»

ቁጭ ብሎ ከማየት ገብቶ መጫወት ይሻላል ብለን ቢጫዎቹን ነጋዴዎች ለሐጂ ሰጠናቸው። ሕጉን አስረዳሁ። ረጅም ነበር፤ ጓደኛዬ መሀል ላይ ሻዩን ጨርሶ ሁለተኛ አስቀዳ። ሐጂ ግን ነጋዴ ናቸውና ወዲያው ገባቸው። የመጀመሪያውን ነጋዴ ሐረጎን አወረዱ፤ እማማ አራት ቁጥር አወጡላቸው፤ ቢጫው ሰው ቀጥ ብሎ ደጋን ላይ፣ የጓደኛዬ ቀይ ሰው የቆመበት ቦታ ላይ አረፈ።

«በሉ ያባርሩት!» አልኩ።

«ማንን?»

«ቀዩን። ደርሰውበታልኮ፤ ወደ ደሴ ይመለሳል።»

ሐጂ እጃቸውን ከሰሌዳው ላይ አነሱ። «ቆይ እንጂ። እሱ ቀድሞኝ ነው እዚህ የቆመው። እኔ ነኝ የመጣሁበት። እኔ እንግዳ ነኝ። እንግዳ መጥቶ ባለቤቱን ከቤቱ ያስወጣል?»

«በሕጉ መሠረት...»

«ሕጉን ያወጣው ቀበሌ ነው?»

ጓደኛዬ ሳቁን ለማፈን ሻዩን ተጎነጨ፤ ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። እኔ መስኮቱን ዘጋሁት። ሁለት ቤት በሕግ የተወሰደባቸውን ሰው ስለ ሕግ ማስረዳት ከባድ ነው፤ እኔ ግን ሞከርኩ። ያለዚህ ሕግ ጨዋታው ፉክክር እንደማይኖረው፣ ፉክክር የሌለው ጨዋታ እንደማያልቅ በጣቴ እየቆጠርኩ ዘረዘርኩ። ሐጂ በትዕግሥት ሰሙኝና ጓደኛዬን ጠየቁት።

«ያገርህን ወግ ንገረው፣ የኮምቦልቻው። ደጋን ላይ እንግዳ ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ?»

«አስተናግዳለሁ።»

«እንግዲያው አስተናግደኝ!»

ጓደኛዬ እየሳቀ ከእጁ አንድ የስንቅ ካርድ መዞ ሰጣቸው። ሐጂ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ይስጥህ፣ መንገድህን ያቅናልህ» ብለው ቁም ነገር አድርገው መረቁትና ካርዱን ከካርዶቻቸው ጋር ቀላቀሉ። ከዚያ ወዲያ ሕጉ ተለወጠ፤ የደረሰ እንግዳ ነው፣ የተደረሰበት አንድ ስንቅ ይሰጣል። እኔም ሐጂ ላይ አንድ ጊዜ ደረስኩ። «እንኳን ደህና መጣህ!» አሉኝ። ካርድ ሰጡኝ፤ አንዷን እንኳ አልሰሰቱም።

ይህ ጨዋታ ሊሆን አይችልም ብዬ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሆነውን ተረዳሁ። ሐጂ እንግድነት ጀመሩ። ቢጫ ሰዎቻቸው መንገዱን ትተው እኛን ብቻ ይከታተላሉ። የእኔ ነጋዴ የትም ይቁም፣ ከኋላው አንድ ቢጫ ሰው ይደርሳል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መጣሁ!»

«ሐጂ፣ አሁን ኮምቦልቻ ላይ አስተናግጄዎት አልነበረም?»

«ያ ሌላው ነው። ይኼኛው ወንድሙ ነው፣ ራበው። አላህ ይስጥህ።»

እየመረቁ አራቆቱን። ጓደኛዬ ካርዱን ጨርሶ ሦስቱም ቀዮቹ ኮምቦልቻ ላይ፣ ሐረጎ ሥር ተኮልኩለው ቀሩ፤ ያለ ስንቅ ዳገቱን መውጣት ክልክል ነው፣ የከለከልኩትም እኔ ነኝ። «ያ ረቢ! ባባረሩን ይሻለን ነበር!» እያለ ይጮሃል። እኔ አንድ ካርድ ቀርቶኝ እሷን ለማትረፍ እንደ ሌባ ከቦታ ቦታ እሸሻለሁ። ሐጂ ኮፍያቸው ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ እጅጌያቸው ተሰብስቦ፣ «የት ነህ የእህቴ ልጅ? ናፈቅከኝ እኮ!» እያሉ ይከተሉኛል።

በዚህ መሀል አዛን ተሰማ። የአስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት ነው። እማማ ጣሳውን አስቀምጠው ተነሱ። ሐጂ «ይህችን ብቻ ላድርስና» አሉ። ጣሳውን ራሳቸው ወሰዱት። ያቺ ደረሰች፤ ሌላ መጣች። እማማ ሰግደው፣ እቃ አጣጥበው ተመለሱና በሩ ላይ ቆሙ።

«ሐጂ። ፀሐይ እኮ ልትጠልቅ ነው። ሰገድክ?»

ሐጂ በእጃቸው የያዙትን ወረቀት ጣሳው ውስጥ መልሰው፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ። ጓደኛዬ አብሽር እንኳ አላለኝም። እኔ መጻሕፍቴ በስንት ካርቶን እንደሚገቡ በልቤ አሰላሁ።

ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ለሶላት የታጠቡበት የውዱ ውኃ አልደረቀም ነበር። ቆመው ተናገሩ።

«ቁማር አይደለም። ከቁማር ይብሳል። ቁማርተኛ እንኳ ገንዘቡ ሲያልቅ ይነሳል። ይህ ምን ሲያልቅ ነው የሚያስነሳው? ሶላቴን ለእንጨት ላሳልፍ ነበር! እንዲህ ያለ ነገር ግቢዬ ውስጥ አያድርም። መምህር፣ አንተም...»

«አንተም ምን?» አሉ እማማ ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ። «ጨርሰዋ። እንጨቱ ሲመጣብህ 'እንኳን ደህና መጣህ' ብለህ ስንቅ ሰጠኸው። የእንጨቱን ባለቤት ልታስወጣ ነው? ምነው፣ ደጋን ላይ ሲሆን ነው እንግዳ ክቡር?»

ሐጂ ሰሌዳውን አዩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲነግዱ ኖረው እንዲህ ያለ ገበያ የገጠማቸው አይመስልም። በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉና «ሣጥኑን ስጠኝ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። እሳቸው ለእማማ ሰጡ።

«አንቺ ጋ ይቀመጥ። አዛን ሲባል ትሰበስቢዋለሽ፣ እኔ ብለምንሽም እንኳ። እሱ ክፍሉ ውስጥ ይኑር፤ መጫወት ከፈለገ ግን እኛ ቤት መጥቶ ነው። ጩኸትም የለም።» ወጡና ከደጅ ተመለሱ። «የኔ ቢጫ ደሴ ለመግባት ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የቀረው። ማንም እንዳይነካው።»

ከዚያ በኋላ ከደሴ እስክዛወር ድረስ እዚያች ክፍል ኖርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሐጂ ሳሎን ስንቄን ተነጠቅኩ፣ ተመረቅኩ፣ ሐረጎ ሥር ቀረሁ። አዛን ሲሰማ እማማ ሰሌዳውን አጥፈው ሣጥን ውስጥ ይከታሉ፤ ሐጂ «ይህችን ብቻ» ይላሉ፤ እማማ አይሰሙም።

አሁን እናንተም ሞክሩት። ቤታችሁ ካለው ሰሌዳ አንዱን አውጡና ሕጉ «ይባረር» ባለበት ሁሉ «ይስተናገድ» በሉ። ከዘመዶቻችሁ ሁሉ እጅግ ጨዋ የሆኑትን፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማውን ሽማግሌ ጋብዙና ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡ። አንድ ምክር ብቻ ልስጣችሁ፤ መመረቅ ሲጀምሩ ካርዳችሁን ደብቁ።