የማክሰኞዋን ፋይል ስዘጋ

በሥራዬ ከሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው ገጽ ነበር። የመጀመሪያውን መሙላት አያስቸግርም፤ የሰው ችግር ራሱ ይናገራል፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። የመጨረሻው ገጽ ግን ከላይ «ግምገማና መዝጊያ» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ሳጥኖች አሉት፦ ተሳክቷል፣ በከፊል ተሳክቷል፣ አልተሳካም። አንዱ ላይ ምልክት አድርገሽ፣ ባለጉዳይዋን አስፈርመሽ፣ እግርሽን ከዚያ ቤት ታነሻለሽ። ኮርስ ላይ አስተማሪያችን «ጥሩ ሠራተኛ የማታስፈልግበትን ቀን እያሰበች ትጀምራለች» ሲሉን ደብተሬ ላይ በቀይ አስምሬበት ነበር። ማስመርና ማድረግ ለየቅል መሆናቸውን ያወቅኩት ጋምቤላ ነው።

ጋምቤላ የደረስኩት ክልሉ ራሱን ማስተዳደር በጀመረ ሰሞን ነበር። የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለም ገና ይሸታል፤ ወንበር ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው በውሰት ይዞራል። ከጎጃም ደጋ ለመጣሁት ለእኔ ሙቀቱ እንደ ሰው ፊት ለፊት የሚቆም ነገር ነበር። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ፣ ነጠላዬን አጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ፣ ላብ ሳያሰምጠኝ ቢሮ ለመድረስ እሮጥ ነበር። ከአገሬው ሰው ጋር የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ አብዛኛው ሰው የተማረው በገበያና በመንገድ ላይ ስለሆነ፣ የእኔ አማርኛ ከመጽሐፍ የወጣ ይመስላቸው ነበር።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞቹ እያንዳንዳችን በየሳምንቱ የምንጎበኘው አሥራ ሁለት ቤት እንይዛለን፤ አንድ ካልተዘጋ አንድ አይከፈትም። ማክሰኞ ማክሰኞ የምሄድበት ቤት ከባሮ ወንዝ ዳርቻ ብዙ አይርቅም። የቤቱ እመቤት የአኝዋ ተወላጅ ናት፣ ሃምሳዎቹን ያለፈች ትመስላለች፤ ከአጥማጆች ዓሣ እየተረከበች በጭስ አድርቃ ትሸጥ ነበር። አንዲቱ ልጇ ስትሞትባት ግን ሥራውን ተወች፤ የልጅ ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀረች፣ የዓሣ ማጨሻውን ቆጥ ሸረሪት አደራበት። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። የግቢዋ መሬት ተሰነጣጥቆ ሣር አብቅሏል። በዚያ ሰፈር ሴቶች ግቢያቸውን በጭቃ እየለቀለቁ እንደ ሳሕን ያለሰልሱታልና፣ ያ ስንጥቅ ከእንባ በላይ ይናገር ነበር።

ሦስት ግብ ጻፍን። ሕፃኗ ትምህርት ቤት ትመለስ፤ ቆጡ እንደገና ይጭስ፤ እሷም የእግሯን ቁስል ክሊኒክ ሄዳ ታሳይ። «ጻፍን» እላለሁ እንጂ መጀመሪያ እኔው ነበርኩ የጻፍኩት። እሷ አራት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። በአምስተኛው ማክሰኞ ዞር ብላ አየችኝና፣

«ሲስተር፣ አንተ ቤት የለህም?» አለችኝ።

አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም ነበር። እሷን ለመካስ እኔም አኝዋኛ ለመማር ሞክሬ፣ ሰላምታ ብዬ ምን እንዳልኩ ባላውቅም ጎረቤቶቿ ሆዳቸውን ይዘው ነበር የሳቁት። ሲስተር አለመሆኔን ብዙ ጊዜ ነገርኳት፤ ከቢሮ የሚመጣ ሴት ሁሉ ለሷ ሲስተር ነው። እኔ እማማ እላታለሁ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀስ እያለ ተነሣ። ሕፃኗ ደብተሯን ያዘች። ቁስሉ ደረቀ። አንድ ማክሰኞ ስደርስ ከሩቅ የዓሣ ጭስ ሸተተኝና፣ መንገድ ላይ ቆሜ አማተብኩ። እሷም የመጀመሪያውን ዓሣ ለእኔ አስቀምጣ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ስለምጾም ማክሰኞን የመረጥኩት አውቄ ባይሆንም፣ በጀኝ። የዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ተቸገርን።

«ዛሬም አይበላም?» ትለኛለች።

«ጾም ነው፣ እማማ።»

«አምላክህ ዓሣ ምን አደረገው?»

«ምንም አላደረገውም። እኔን ነው የሚገራኝ።»

«ሃምሳ ቀን?»

«ሃምሳ አምስት።»

ዓሣውን አንሥታ ለጎረቤቷ እየሰጠች፣ «ይሄ ሴትዮ ምን ቢያጠፋ ነው» ትል ነበር፤ እኔው ሰምቼ እንድስቅ በአማርኛ።

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት ሊሞላን ተቃረበ። ግቦቹ ሦስቱም ከተሳኩ ወራት ቆጥረዋል። እኔ ግን በየወሩ መጨረሻ ብዕሬን ይዤ ሁለተኛው ሳጥን ላይ ምልክት አደርጋለሁ፦ በከፊል ተሳክቷል። ምክንያት አላጣም ነበር። አንድ ጊዜ «ሐዘኗ ገና አልበረደም»፣ ሌላ ጊዜ «ክረምት ስለሆነ ሥራዋ ሊቀዘቅዝ ይችላል»። እውነቱን በጸሎት ሰዓት እንኳ ለራሴ አልተናገርኩትም። ከእናቴ ቤት ርቄ፣ ስገባ «መጣህ?» የሚለኝ ብቸኛው ቤት እሱ ነበር።

በዚያው ወቅት ሰኞ ሰኞ የቢሯችን አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ትቀመጥ ጀመር። ከወሎ በሰፈራ የመጣች ሙስሊም ናት፤ ዓይኖቿን ሕመም ወስዶባታል፤ ባሏ ካረፈ ወዲህ ከገበያው ጀርባ ትኖራለች። ጎረቤቷ እየመራች ታመጣታለች። ያለ መሪ ውኃ መቅዳት እንኳ አትችልም ነበር። እኔ ባለፍኩ ቁጥር ኮቴዬን ለይታ፣

«እህት ዓለም፣ ቦታ ተገኘ?» ትለኛለች።

«ገና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። አላህ ላለው ቀን ነው።»

ገና የሆነው በእኔ ብዕር እንደሆነ አታውቅም። ሦስተኛው ሰኞ ላይም ገና ነው አልኳት። በማግሥቱ ባሮ ዳር ሄጄ፣ ደንቡ እንደሚለው ከሦስት ወር አስቀድሜ ለእማማ ነገርኳት፤ ድነሻል፣ ሦስት ወር ሲሞላ መምጣቴን አቆማለሁ አልኳት። እሷም ዓሣ ስትገለብጥበት የነበረውን እንጨት መሬት ላይ አስቀመጠችው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እማማ ታማለች። ተኝታለች፣ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። ቆጡ ላይ እሳት የለም። ግቢው አመድና የበቆሎ ገለባ ተበትኖበታል። እግርሽን ያምሻል ወይ ብዬ ስጠይቃት «በጣም» አለች፤ የትኛው እንደሆነ ስጠይቃት ጥቂት አሰበችና ግራ ጉልበቷን ያዘች። በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ማዘን ሲገባኝ ውስጤ ቀለል አለው። መዝጋቱ ቀረ፤ «በከፊል» ማለቴ እውነት ሆነልኝ።

በሦስተኛው ማክሰኞ አልጋዋ አጠገብ ሳይሆን ደጅ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። መሬቱን በእጄ ተደግፌ ልነሣ ስል መዳፌ ከምንጣፉ ሥር ገባ። መሬቱ ለስላሳ ነበር። ምንጣፉን ገለጥኩት፤ አዲስ የተለቀለቀ ጭቃ፣ ላዩ ላይ በጣት የተሣለ የዓሣ አጥንት የሚመስል መስመር አለ። ገለባውን በእግሬ ገፋ ሳደርገው ግቢው ሁሉ እንደዚያው ነው። እንዲህ ያለ ልቅለቃ የታመመ ሰው አይሠራም፤ ቢያንስ ሁለት ቀን በጉልበት መንበርከክ ይጠይቃል። ምንጣፉን መልሼ ሸፈንኩትና ወጣሁ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። እማማ የደረቀ ዓሣዋን በሰፌድ ደርድራ ቆማለች፤ አዎ፣ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ያለው የደጋ ባለሱቅ ዓሣውን እያገላበጠ ቀጭን ነው ብሎ ያንኳስስባታል።

«እሱ ቀጭን አይደለም» አለችው፤ «አንተ ሆድ ትልቅ ነው፣ ከሆድህ አጠገብ ሁሉ ነገር ቀጭን ነው።»

ገበያተኛው ሳቀ፣ ባለሱቁም አብሮ ሳቀ። እኔም ሳላስበው ድምፄ ወጣ። ዞር ስትል አየችኝ። ወዲያው ቀኝ ጉልበቷን ይዛ በቀስታ ቁጭ አለችና አቃሰተች።

«ሌላኛው ጉልበት ነበር፣ እማማ» አልኳት።

እጇን ወደ ሌላኛው አዛወረች።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ጠራኝ። የአገሬው ልጅ ነው፤ ቁጣውን በቀልድ ነው የሚያቀርበው። የማክሰኞዋ ፋይል ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

«እህቴ፣ ይህቺ ሴትዮ ከሰባት ወር ጀምሮ በከፊል ናት። እኔ ቤት ግን ዓሣዋ የሚመጣው ሙሉ ነው።»

«ዋሽታኛለች፣ ጌታዬ» አልኩት። ከአፌ እንደወጣ አፈርኩ። ስለዚህ የቀረውን ጨመርኩ፦ «ሦስት ሳምንት እሷ ዋሸች። ከዚያ በፊት ያሉትን ወራት የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ፋይሉን ዘጋና ወደ እኔ ገፋው። «እንግዲህ ሁለታችሁም ድናችኋል» አለኝ። «አግዳሚው ላይ ያለችውን አይተሻታል?»

አይቻታለሁ። በዚያ ቀን በጓሮ በር ወጣሁ፤ በፊቷ ማለፍ አልቻልኩም።

ሦስቱ ወር ሞልቶ የመጨረሻዋ ማክሰኞ በፍልሰታ ጾም መሐል ዋለች። ባሮ ሞልቶ ደፍርሷል። ስደርስ ገለባው ተጠርጓል፣ ምንጣፉ ተነሥቷል፣ ያ የሚያምር መሬት እርጥብ ሆኖ ያበራል። እማማ አልተኛችም። ከፊቴ ያቀረበችው ሳሕን ላይ ዱባና የተቀቀለ በቆሎ ነበር፤ ዓሣ የነካው ድስት እንዳይሆን ከጎረቤት ድስት ተውሳ ነው የቀቀለችው። ይህን የነገረችኝ ጎረቤቷ ናት፣ እሷ አይደለችም። ከጎረስኩ በኋላ የመጨረሻውን ገጽ አወጣሁ።

«ቆይ» አለችኝ። «ሁለት ዓመት አንተ ጠየቅህ። ዛሬ እኔ።»

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ ኃላፊ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ቀን ስትመጣ፣ ቦርሳ እንዲህ ታቅፈህ። ቁጭ ማለት ትፈራለህ፣ መሬት ይበላል ብለህ። ሰዓት ታያለህ። ከአገርህ ደብዳቤ ሲመጣ ዓይንህ ያብጣል። አሁን መሬት ላይ ትቀመጣለህ። ትበላለህ። ትስቃለህ። ደህና ነው።» ጥቂት አሰበች። «ባል የለም። እሱ በከፊል።»

ስቄ ስጨርስ እንባዬ እንደወረደ ያወቅኩት በነጠላዬ ጫፍ ስጠርግ ነው። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኳት። ያታለልሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እኔም ከአንቺ በፊት ጀምሬ በወረቀት ላይ እያሳመምኩሽ ነበር አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። አልሳቀችም።

«የሚጠብቅ ሰው አለ?»

«አለ።»

«ማን?»

«መናገር አልችልም፣ እማማ።»

«ታሟል?»

ጉልበቴ ላይ ያለውን ወረቀት አቃናሁ። እሷም ፊቷን ወደ ወንዙ መለሰች። ከዚያ ኮርስ ላይ ሰምቼው የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«እኔ ስተኛ አንተ መጣህ። ከእኔ በፊት ይሄ ማክሰኞ የማን ነበር?»

የሌላ ሰው እንደነበር አውቃለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ አንድ ፋይል ዘግቶ ነው ለእሷ ቦታ የተገኘው። ባለፋይሉ ማን እንደሆነ፣ ሲዘጋበት ምን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም።

«የሌላ ሰው ነበር» አልኳት።

«አለቀሰ?»

«አላውቅም።»

«አልቅሷል» አለች፤ እንደሚያውቅ ሰው። ከዚያ አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ዘረጋች። ሦስቱን ሳጥን እንደገና በአማርኛም በምልክትም አስረድቻት፣ የትኛው ላይ እንደምጽፍ እሷው እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። በጣቷ የመጀመሪያውን ነካችው። የጣቷ አሻራ እስከ ሳጥኑ ድረስ ዘለቀ፤ ገጹ ትንሽ ተበላሸ፣ እኔም አልቀየርኩትም። እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። «ገበያ ና» አለችኝ፤ «ባለጉዳይ አይደለሁም፣ ዓሣ ትገዛለህ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት እግሬ በልማድ ወደ ባሮ ሊታጠፍ ሲል መለስኩት። ከገበያው ጀርባ ያለው ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሴትየዋ ኮቴዬን ሰምታ ከደጃፏ ላይ ተነሣች።

«እህት ዓለም፣ ተገኘ?»

«ተገኘ።» የመቀመጫ ዱካ ሰጠችኝ፤ ገና ሳልቀመጥ ግን ልናገር የመጣሁትን ተናገርኩ። «ብቻሽን ውኃ ቀድተሽ እስክትመለሺ ድረስ እመጣለሁ። ከዚያ እቀራለሁ። ያን ቀን አብረን እናየዋለን፤ አንቺም እኔም አንደብቀውም።»

ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። «ገና ሳትገቢ መውጫሽን ትነግሪኛለሽ?»

«አዎ።»

«ወይ ጉድ። የኛ ሰው እንግዳ ሲገባ እንዲህ አይልም።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ይሁን፣ ሳይደበቅ ይሻላል። ቧንቧው ከዚህ ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«አልቆጠርኩትም።»

«እንግዲያው ምን ያስቀምጥሻል?» አለችና የበሩን መቃን ይዛ እጇን ዘረጋችልኝ። ዱካው ላይ ሳልቀመጥ ወጣን፤ እሷ በወሎ አማርኛዋ፣ እኔ በጎጃሙ፣ ከደፉ ጀምረን አንድ፣ ሁለት እያልን።