ያልነበረኝ ሳል

በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኔ አምቦ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ስለሆነ ናሙና ከሚሰበስበው ቡድን ጋር ተመደበ። እናቱ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ አስም አለባቸው። እሳቸውን እንዳያስይዝ ብሎ ለቡድኑ በተሰጠው ማደሪያ መኖር ጀመረ። በየሦስት ቀኑ እየመጣ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያናግረናል፤ የታጠበ ልብሱን በሩ ላይ አስቀምጬለት ወደ ኋላ ስመለስ ቀርቦ ያነሳል።

ቡድኑ ውስጥ አንዲት ነርስ ነበረች። መጀመሪያ በስልክ ስናወራ አልፎ አልፎ ነበር የሚያነሳት። ቆይቶ ግን ወሬው ሁሉ እሷ ሆነች፤ ጓንት እንዴት እንደሚወለቅ ያሳየችው እሷ፣ ዝንጅብል ያፈላችላቸው እሷ፣ ለናሙና ወደ እጃጂ ከተማ ሲሄዱ መንገዱን ሙሉ ስታስቃቸው የዋለችው እሷ። እኔም «ጎበዝ ናት» እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ ውስጤ ይቃጠላል።

አንድ ጠዋት ከገበያ ስመለስ የቡድኑ መኪና አጠገቤ አለፈ። ነርሷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ወደ ኋላ ለባለቤቴ ዘርግታ የሆነ ነገር ታሳየዋለች፤ እሱ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃል። ማስክ ቢያደርግም ሳቁን ከዓይኑ አውቀዋለሁ። እኛ ጋ ሲመጣ ግን ደክሞት ነው፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ይሄዳል።

በማግስቱ ልመረመር ተነሳሁ። የሚያመኝ ነገር አልነበረም። እሷን በቅርብ ማየት ነበር የፈለግኩት። ምርመራው የት እንደሆነ ጎረቤቶቼን ብጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ዘበኛው ምልክት ያለበት ሰው ናሙና የሚሰጠው ከከተማው ዳር በተተከለው ድንኳን መሆኑን ነገረኝ። ባጃጅ አስቁሜ የምሄድበትን ስናገር ሹፌሩ ጥሎኝ ሄደ። በእግሬ ደረስኩ።

ባለቤቴ የለም፤ በዚያ ቀን ወደ ወንጪ ወጥቷል። እሷ ነበረች። ሦስት ቀን እንዳሳለኝ ዋሸኋት፤ የማን ሚስት እንደሆንኩም አልነገርኳትም። ከለበሰችው መከላከያ ውስጥ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው፤ እሱም ያምራል። ናሙና መውሰጃውን አፍንጫዬ ውስጥ ስታስገባ እንባዬ መጣ። «ይቅርታ እህቴ» አለችኝ። ከዚያ ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቀችኝ። ስለ አማቴ ስነግራት መጻፏን አቆመች።

«ውጤቱ እስኪመጣ ከእሳቸው ጋር አንድ ክፍል አትግቢ። ምግባቸውን በር ላይ አስቀምጪላቸው፤ ማስክሽንም ቤት ውስጥ አታውልቂ» አለችኝ።

ያለችኝን አንድ በአንድ አደረግኩ። ለአማቴ ብዬ ነው ካልኩ ውሸት ነው። ማንነቴን ደርሳበት ባለቤቴን «ሚስትህ ግዴለሽ ናት» እንዳትለው ነበር።

በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ደወለ። 

«አለብሽ» አለኝ። «ምን ተሰምቶሽ ነው የሄድሽው?»

«ሳል» አልኩት።

እኔ ለይቶ ማቆያ ስገባ አማቴ ብቻቸውን እቤት ቀሩ፤ ጎረቤታችን ምግብ በር ላይ እያስቀመጠች ከረመች። ናሙናቸውን ልትወስድ ቤት ድረስ የመጣችው ያቺው ነርስ ናት። ከቫይረሱ ነጻ ሆኑ። ድኜ ስመለስ አማቴ እሷን መርቀው አይጠግቡም። «ኢንተለ ኮ» ይሏታል፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። እስከዚያ ድረስ እንዲህ የሚሉት እኔን ብቻ ነበር። በሕይወት መኖራቸውን እያየሁ፣ በዚያች ቃል ቀናሁ።

እውነቱን ለባለቤቴ የነገርኩት ከዓመታት በኋላ ነው።  ያን ቀን መኪናው ውስጥ በነርሷ ስልክ ያየው የትንሽ ልጇን ቪዲዮ መሆኑን ነገረኝ፤ ነርሷ እንዳታስይዛት ብላ ለወራት እናቷ ጋ ትታት ነበር። ልጅቱ በቪዲዮው «እናቴ ማስክ ናት» እያለች ለአያቷ ታስረዳለች። ይህን ሲነግረኝ ባለቤቴ የልጅቱን ኮልታፋ አነጋገር ከነድምፁ አስመሰለው፤ እንደ ትናንት ያስታውሰዋል።

ቀለለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር።