የንስሐ አባቴ ችሎት የቀረቡ ዕለት

ከዓባይ እስከ ጨሞጋ ሕግ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም። ቢወለድም ገና ክርስትና አልተነሣም። እንዲህ ስል ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «የምታውቀውን ሕግ እስቲ ቁጠርልን» ትለኛለች። እቆጥራለሁ፤ አንድ ነው። «በሕግ አምላክ!» ብሎ መጮኽ። እሱን ግን እንደ እኔ የሚጮኽ የለም። አጥር በጣሰ በሬ ላይ ጮኼ በሬው ተመልሶ አጥሩን አጥሮልኛል። በረዶ ሲወርድ ጮኼ በረዶው የእኔን ጤፍ ዘሎ የጎረቤቴን መትቷል፤ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ በሙሉ ዐይኑ አያየኝም።

ይህ ሁሉ ሕግ በእጄ እያለ ነው እንግዲህ የንስሐ አባቴ የታሰሩት።

ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ወደ አምበር መንገድ ያሉትን የንስሐ ልጆቻቸውን በየቤቱ እየዞሩ ጠበል ረጭተው ሲመለሱ ኬላ ላይ አስቆሟቸው። ቤት ለቤት ለምን እንደዞሩ፣ ማን ምን እንደነገራቸው ተጠየቁ። «ሰው ለእኔ የሚነግረኝ ለእግዚአብሔር ብሎ ነው፤ ከፈለጋችሁ እሱን ጠይቁት» አሉ። እግዚአብሔር በዚያ ኬላ ስላላለፈ እሳቸውን ያዙ።

ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የወጣበት ነበርና «በአዋጁ ነው» ተባልን። እሺ አልን። አዋጁ አበቃ፤ በሬዲዮ ሰማን። አባ ግን አልወጡም። ክስ የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ ፍርድ ቤት መቅረብ የለ። መቼ እንደሚፈቱ ስንጠይቅ «ጉዳያቸው እየተጣራ ነው» ይሉናል። የእኛ ሰፈር ጠላ እንኳ ይህን ያህል ተጣርቶ አያውቅም።

ሰፈርተኛው ሁሉ አዘነ። እኔ ደግሞ ከማዘንም አልፌ እህል አልበላ አለኝ። ለምን ቢሉ፣ የእኔ ኃጢአት በሙሉ የተቀመጠው አባ ዘንድ ነዋ! ሌላው ኃጢአቱን በቁና ሰፍሮ ሲናዘዝ እኔ በጎተራ ነበር የማቀርበው። መርማሪው አንድ ቀን ጠበቅ አድርጎ ቢጠይቃቸው መንግሥት ለእኔ ብቻ አዲስ ወህኒ ቤት ማሠራቱ አይቀርም።

«አንተ ሰውዬ፣ የምትጨነቀው ለእሳቸው ነው ለራስህ?» አለችኝ ባለቤቴ።

«ለሁለታችንም።»

«እንግዲያው ስንቁን አንተው ውሰድ።»

አባ የታሰሩበት ደብረ ማርቆስ ፖሊስ ጣቢያ ደረስኩ። እዚያ ደንብ አለ፤ ምግብ ያመጣ ሰው ጥበቃው ፊት ሳይቀምስ ሳህኑ አይገባም።

«ጋሼ፣ ይቅመሱ» አለኝ ጥበቃው።

ቀመስኩ። ከሽሮውም፣ ከጎመኑም፣ ከስልጆውም። የባለቤቴን ሽሮ ደግሞ ቀምሶ ማቆም ከሰው አቅም በላይ ነው። አባ ከሽቦው ማዶ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ መርዝ እንደሌለው አንተ እስክታረጋግጥ እኔ በረሃብ ልሞትልህ ነው» አሉኝ።

ሳህኑን አቀበልኳቸውና ወደ ሽቦው ጠጋ አልኩ። «አባ፣ የእኔን ነገር ጠየቁዎት እንዴ?»

«የቱን ነገርህን?»

«ያን... ያን ሁሉ።»

ሳቁ። «ብነግራቸውስ ያምኑኛል? ለእኔም እኮ አጋነህ ነው የተናዘዝከው።»

ሳቃቸው ግን እንደ ወትሮው አልረዘመም፤ ሳል አቋረጠው። ሳሉ ሲለቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥፋቴን ቢነግሩኝ ንስሐ እገባለሁ። የእስራቱን ልክ ቢነግሩኝ እችለዋለሁ። መፍቻው የማይታወቅ ጾም ግን እንዴት ይጾማል?» አሉኝ።

የራሴን ኃጢአት እዚያው ረሳሁት።

በቀጥታ የሄድኩት ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጥላ ዘርግቶ ወደሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ነገሩን ሰማና፣ «አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ እናቀርባለን። ያሰረው ክፍል ታሳሪውን ይዞ ችሎት ይቀርባል፤ በየትኛው ሕግ እንደያዘው ያስረዳል። ማስረዳት ካልቻለ ሰውዬው ይለቀቃል» አለኝ።

«አመልካቹ ማን ይሆናል?»

«ስለ ታሰረ ሰው ማንም ማመልከት ይችላል።»

«እኔም?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ሕጉ ማንም ነው የሚለው» አለ።

ከአዳም ከገነት መባረር ጀምሬ አስጻፍኩት። እሱ አምስት መስመር ጻፈ።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ክርክሬን አዘጋጀሁ፤ እንደ ጥንት ተሟጋች ቤት የሚመታ፣ አጥንት የሚሰብር። ላሜ ፊት ቆሜ ተለማመድኩት፤ ተረትታ ወተቷን በእጥፍ ሰጥታኛለች። በቀጠሮው ቀን ጋቢዬን እንደ አባቶቻችን አደግድጌ ገባሁ። የሰፈራችን ሰው አግዳሚውን ሞልቶታል። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። አንድ መኮንን አባን ይዞ ቀረበ።

«በምን ሕግ ነው የያዛችኋቸው?» አለችው።

«በአዋጁ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«አዋጁ አብቅቷል።»

«አዎ፤ ከዚያ ወዲህ ለማጣራት ነው።»

«ክስ ቀርቦባቸዋል?»

«አልቀረበም።»

«የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላችሁ?»

«ከበላይ አካል...»

«የፍርድ ቤት ነው ያልኩት።»

መኮንኑ በእጁ ያለውን ወረቀት ገለበጠው። ጀርባውም ባዶ ነበር።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረች። «አመልካች፣ የሚጨምሩት አለ?»

ተነሣሁ። አባ አዩኝ፤ አግዳሚው ሁሉ አየኝ። ያ ላም የረታ ክርክር አንድ ቃል ሳያስቀር ጥሎኝ ሄደ። አፌን ስከፍት የወጣው «አባ አሟቸዋል» የሚል ብቻ ነው። መልሼ ተቀመጥኩ።

እሷ ጻፈች፤ ቀና አለች። የተያዙበት ሕጋዊ ምክንያት ስላልቀረበ አሁኑኑ ከዚሁ ችሎት እንዲለቀቁ አዘዘች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታች፤ ግን ፈገግ ማለቷን ዐይቻለሁ።

ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እኔ ቀረሁ። አግዳሚውን በሁለት እጄ አጥብቄ ይዣለሁ። በመጨረሻ አባ ራሳቸው መጡና ብብቴን ይዘው አነሡኝ። እሳቸው ቀጥ ብለው፣ እኔ እንደ እርጥብ ጋቢ ተንጠልጥዬ በሩን ወጣን።

ደጃፉ ላይ በመሬት ክርክር ከቁይ የመጡ አንዲት አሮጊት ቆመዋል። እንዳዩኝ አንገቴን አቅፈው ጉንጬን ይስሙኝ ጀመር።

«እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ልጄ! ምን ቢያደርጉህ ነው እንዲህ የሆንከው?»

«አይ እናቴ፣ ታስሬ የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉ አባ።

«ታዲያ እሱ ምን ሆኖ ነው?»

አባ መልሱን ለእኔ ተዉልኝ። የሚረባ ውሸት ፈለግሁ፤ አንድም አልመጣልኝ።

«ፈርቼ ነው፣ እናቴ» አልኩ። እውነቱም ይኸው ነው፤ ማንም ምንም ሳያደርገኝ ፈርቼ መራመድ አቅቶኝ ነበር። እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ድረስ ደግፈው የወሰዱኝ አባ ናቸው።