ከቅቤው ሥር ያለው ክሬም

ዛሬ ከነቀምቴ ገበያ የገዛሁትን ፊት የሚያነጣ ክሬም ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ሰነፈጠኝ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ማዲያት ጉንጬን ሞልቶታል።

ሽታውን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ነቀምቴ አጠገብ፣ ዲጋ ነበር። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አርግዛ ማዲያት ሲወጣባት፣ እንዲህ ያለ ክሬም ተደብቃ ትቀባ ነበር። ስንቱን ያዋለዱት ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ለፊቷ ለጋ ቅቤ ያመጡላታል። እሷም ክሬሙ እንዳይሸት ቅቤውን ከላዩ ትደርብበታለች።

አንድ ቀን አዴ ጫልቱ ጉንጯን በጣታቸው ዳሰው አሸተቱት። እሷን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እናትሽ ምን ተቀባች?"

እናቴ ዓይኗን አላነሳችም።

"ቅቤ ነው፣ አዴ" አልኩ።

ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "ማዲያቱስ ስትወልድ ይለቃታል። ይሄ የተቀባችው ግን ወዴት እንደሚገባ እኔ አላውቅም" አሉ።

ወንድሜ የተወለደ ቀን ጣቶቹን አንድ በአንድ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሙሉ ነበሩ። ከዚያም በኋላ ግን ባስነጠሰ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

አሁን ክሬሙ ጣቴ ጫፍ ላይ ነው። ሆዴ ውስጥ ያለው ተገላበጠ። የአምስት ዓመት ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"እማዬ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"ቅቤ ነው" አልኳት።