የአባቴ ሰማያዊ

አባቴ ቀለም ቀቢ ነው። የሰው ቤት ሲቀባ እጁ አያመነታም፤ የኛ ሳሎን ግድግዳ ግን ለሙከራ በቀባው ሰማያዊ ሁሉ ዝንጉርጉር ሆኖ ስንት ዓመቱ! አንዱም ልቡ አልገባም። እንግዳ በመጣ ቁጥር አፍረን እንሞታለን።

ሰማያዊ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች እንዳሉ የሰማ ቀን እንቅልፍ አጣ። በማግስቱ እኔንና እናቴን አስከትሎ ዶሮ አርቢው ጋ ሄደ። አርቢው ገና መጣል ያልጀመሩ ሁለት ዓይነት ቄቦች አሳየን። የአንደኛው ዝርያ እንቁላል ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ግን ቶሎ ቶሎ አይጥልም። ሁለተኛው፣ ድቅሉ፣ በደንብ ይጥላል፤ እንቁላሉ ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል። አባቴ የቀለም ናሙና ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ አርቢው ከእናቶቻቸው ሥር ካመጣቸው የሁለቱም ዓይነት እንቁላሎች ጋር ያስተያይ ጀመር። ድቅሎቹን በካርቶን ይዞ ከወጣ በኋላ ከበሩ ተመለሰ። አስለወጠ። እንደገና ተመለሰ።

«ወንድሜ፣ የምትገዛው ዶሮ ነው ግድግዳ?» አለው አርቢው ትዕግስቱ አልቆ።

«ጥርት ያለውን ስጠንና እንሂድበት!» ብላ እናቴ ገላገለችን።

ቄቦቹ እስኪጥሉ አባቴ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣን። የመጀመሪያው እንቁላል ሲገኝ አገላብጦ አየውና ቀለም ሊበጠብጥ ገባ። ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ቀባው። አቤት ሲያምር!

በሳምንቱ ሌላዋ ዶሮ ጣለች። አባቴ እንቁላሏን ይዞ ግድግዳው አጠገብ ቆመ። አንዴ እንቁላሉን፣ አንዴ ግድግዳውን ያያል።

«የዚችኛዋ ይሻላል መሰለኝ» አለ።

እናቴ እንቁላሉን ከእጁ ነጥቃ መጥበሻው ላይ ሰበረችው።