የአጎቴ መኪና ዝገት

አጎቴ ዝገቱ ሳይጠራ ብረት ላይ ቀለም አያስነኩም ነበር። በደርግ ጊዜ መተማ ላይ ቀለም ብርቅ ነበር፤ ከሱዳን በኩል የመጣች አንዲት ጣሳ ይዘን የአሮጌ መኪናቸውን በር ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ቀን ፈቀፈቅን። ደመናው ሲከብድ፣ የጠራው ብረት መልሶ እንዳይዝግ ብዬ የሰሊጥ ዘይት ለቀለቅሁት። በማግስቱ ቀለሙ አልይዝ ብሎ ተንሸራተተ።

«ዘይት ቀባኸው?» አሉና ሳቁ። «ልንድረው ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ ቀለሙን እኮ አባከንኩት።»

«ግማሹ አለ። በል፣ በላምባ አጥበን እንደገና እንፈቅፍቀው።»

ሁልጊዜም እንዲህ ነበሩ፤ ስቀው ከመጀመሪያው ይነሳሉ።

ካረፉ ዓመት ሞላቸው። ዘንድሮ ከመኪናቸው ጎማ በላይ ያለው ፓራፋንጎ ዛገ። ቀለምም ብርጭቆ ወረቀትም ገዝቻለሁ። ሦስት ቀን ሆነኝ፤ አልጀመርኩም። ብሳሳት የሚስቅብኝ የለም።