የወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ባሕር ዛፍ

ጣሊያን ከጎንደር በወጣ በአሥራ አምስተኛው ዓመት አያ ዳኛው ሴት ልጁን ሊድር ቢነሣ፣ ግቢው ለአርባ ሰው ዳስ እንኳ ጠበበው። ጎረቤቱ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ምላሳቸው የሚፈራ ባልቴት፣ «ከእኔ ግቢ ጣለው። ሟች ባሌ የተከለውን ባሕር ዛፍ የነካ ግን ወዮለት!» አሉት።

በሠርጉ ዕለት ማለዳ ነፋስ ተነሥቶ የዳሱን ምሰሶ ከወገቡ ሰበረው። ሙሽራው ከነአጃቢው ከጠዳ ተነሥቷል፤ በቅርብ ሌላ ዛፍ የለም። ሁሉም ቀና ብሎ ባሕር ዛፉን አየ። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል መጥረቢያ ይዘው ወጡና የመጀመሪያውን ምት ራሳቸው አሳረፉበት።

«ምነው እሜቴ፣ እንዲያ ሲሳሱለት?» አለ አያ ዳኛው ደንግጦ።

«ባሌ ሲተክለው ‹ለልጃችን ሠርግ ምሰሶ ይሆናል› ብሎ ነበር። ምን ትገተራላችሁ? ያዙ እንጂ፣ ልጄን ልዳርበት!»